የአሠሪ እጅና የሐኪም እጅ፦ ስለ ሙያ ስፖርተኞች የሱስ ሕክምና የቀረበ ዳሰሳ

ለሙያ ስፖርተኛ እንጀራው ሰውነቱ ነው፤ ለዚህም ሰውነት በውል ታስሮ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ፣ ተጫዋቹ በመጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ፣ በሕመም ማስታገሻ ክኒን ወይም በቁማር ሱስ ተይዞ በተገኘ ጊዜ፣ በአንድ ወገን እንደ ጌታ ሊቀጣው፣ በሌላው ወገን እንደ አስታማሚ ሊያድነው ይነሣል። የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሊጎች እነዚህን ሁለት ሥልጣናት አጣምረው መሥራት ከጀመሩ አርባ ዓመት አልፏቸዋል። እንግዲህ ይህ ሥርዓት ሱሰኛውን በእውነት ይፈውሰዋልን ወይስ የክለቡን ገንዘብና ስም ብቻ ይጠብቃል ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት፣ አስቀድሞ የሥርዓቱን አመጣጥ፣ ቀጥሎም የተገኘውን ማስረጃ፣ ከዚያም በአንዳንድ ተጫዋቾች ላይ የደረሰውን መመርመር ይገባል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አሠሪ የሠራተኛውን ሱስ ለማሳከም መነሣቱ ከስፖርት የመነጨ ሐሳብ አይደለም። በ1940ዎቹ ዓመታት ዱፖንትንና ኢስትማን ኮዳክን የመሳሰሉ ኩባንያዎች፣ ብዙ ዘመን ደክመው ያሠለጠኑትን ሰው ስለ ስካሩ ከማባረር ይልቅ አሳክሞ ወደ ሥራው መመለስ ለራሳቸውም እንደሚበጅ ተረድተው መንገዱን ጀምረውት ነበር። ወደ ስፖርቱ ዓለም በሰፊው የገባው ግን ኮኬይን በበረታበት በ1980ዎቹ ነው። በ1983 አራት የካንሳስ ሲቲ ሮያልስ የቤዝቦል ተጫዋቾች በኮኬይን ምክንያት እስራት ሲፈረድባቸው፣ በዚያው ዓመት የቅርጫት ኳሱ ሊግ ኤንቢኤ ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ተስማምቶ ሕግ አወጣ፤ ይኸውም በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ ሱሱን የተናገረ ተጫዋች በመጀመሪያው ጊዜ ደመወዙ ሳይቋረጥ እንዲታከም፣ በሁለተኛው ያለ ደመወዝ እንዲታከም፣ በሦስተኛው ከሊጉ እንዲሰናበት፣ ሳይናገር የተያዘው ግን ወዲያው እንዲባረር የሚያዝ ነበር። በ1996 የተመሠረተው የበረዶ ሆኪ ሊግ የኤንኤችኤል ፕሮግራምም፣ ከሊጉና ከተጫዋቾች ማኅበር በጋራ የተወጠነ ሆኖ፣ አራት ደረጃዎች ነበሩት፤ መጀመሪያው ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሕክምና ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለወደቀ ሰው ያለ ደመወዝ መታገድ፣ ቀጥሎም ቢያንስ የስድስት ወር፣ በመጨረሻም ቢያንስ የአንድ ዓመት እገዳ ይከተለዋል።

ይህ ዓይነቱ አሠራር በሌላው ሙያ ዘንድ ተፈትኖ ፍሬ ማፍራቱ የታወቀ ነው። በ1991 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ በመጠጥ ሱስ የተያዙ 227 የፋብሪካ ሠራተኞችን በዕጣ በሦስት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በግድ ሆስፒታል አስተኝቶ፣ ሁለተኛውን በግድ ከመጠጥ የተላቀቁ ሰዎች እርስ በርስ ወደሚረዳዱበት ማኅበር ልኮ፣ ሦስተኛውን እንደ ምርጫው ትቶ ለሁለት ዓመት ተከታተላቸው። በሥራቸው በኩል በሦስቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አልታየም፤ በመጠጡ በኩል ግን አስቀድሞ ሆስፒታል የገቡት በልጠው ተገኙ፤ ኋላም ዳግመኛ ሆስፒታል መግባት ያስፈለጋቸው ከእነርሱ 23 በመቶ፣ ወደ ማኅበሩ ብቻ ከተላኩት ግን 63 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ጥናት የሚወጣው ትምህርት፣ አሠሪው ሠራተኛው ወደ ሥራ ገበታው መመለሱን ብቻ ቢቈጥር፣ የዳነውን ካልዳነው መለየት እንደማይችል ነው።

ከዚህ ይልቅ ደግሞ የሚያስደንቀው የሐኪሞች ነገር ነው። በ2009 በታተመ ጥናት፣ በ16 የአሜሪካ ግዛቶች ሱስ አድሮባቸው በክትትል ሥር የዋሉ 904 ሐኪሞች ተመርምረው፣ በአምስቱ የክትትል ዓመታት ውስጥ 78 በመቶው አንድ ጊዜ እንኳ በምርመራ አልተያዙም። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ የሕክምናው ርዝመት፣ ሳይታሰብ የሚወሰደው የሽንት ምርመራ፣ እንዲሁም የሥራ ፈቃድን የማጣት ፍርሃት እንደ ሆነ ይገመታል። ይሁን እንጂ ክትትሉን የሚያካሂደው ሐኪሙን የቀጠረው ሆስፒታል ሳይሆን ከሆስፒታሉ ውጭ ያለ አካል መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ፍርሃቱ ከአንድ ወገን፣ ሕክምናው ከሌላ ወገን ይመጣልና።

በስፖርቱ ዘንድ ግን እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ጉዳቱም በዴሪክ ቡጋርድ ዕጣ ግልጥ ሆኖ ይታያል። ይህ ካናዳዊ የሆኪ ተጫዋች የሚፈለገው ስለ ግብ ሳይሆን ስለ ቡጢው ነበር፤ ተቀናቃኝን እየደበደበ ጓዶቹን መጠበቅ ሥራው ነበርና፣ እጁም ጀርባውም ከሕመም አልተላቀቀም። እርሱ ከሞተ በኋላ አባቱ የሰበሰቡት መዝገብ እንደሚያሳየው፣ በ2008 በጀመረው የውድድር ዘመን፣ በሦስት ወር ውስጥ ብቻ ከስምንት ሐኪሞች ቢያንስ 11 ማዘዣ ተጽፎለት፣ 370 የሕመም ማስታገሻ ክኒን ተቀብሏል። በ2009 የሊጉ ፕሮግራም በካሊፎርኒያ አሳከመው፤ በተከታዩ ዓመት የኒው ዮርኩ ሬንጀርስ የ6.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመለት፤ በ2011 ዳግመኛ ወደ ሕክምና ተልኮ ሳለ፣ ለጥቂት ቀን ወጥቶ ሜይ 13 ቀን በሚኒያፖሊስ ቤቱ በ28 ዓመቱ ሞቶ ተገኘ፤ የገደለውም የመጠጥና የኦክሲኮዶን ድብልቅ ነበር። ቤተ ሰቡ በ2013 ሊጉን ቢከስም፣ ክሱ በ2017 ለችሎት ክርክር ሳይደርስ ውድቅ ሆነ። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ አንዱ ሐኪም የሚያስታግሠውን ሌላው ሐኪም ይመግበዋል፤ በሽተኛው ለቅዳሜው ጨዋታ እንዲቆም የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ የሚመግበው እጅ ብዙ ጊዜ ይበረታል።

ቤዝቦሉም በ2019 ተመሳሳይ ፈተና ገጠመው። የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ኳስ ወርዋሪ ታይለር ስካግስ ጁላይ 1 ቀን በቴክሳስ በሆቴል ክፍሉ ሞቶ ሲገኝ፣ በደሙ ውስጥ ፌንታኒል፣ ኦክሲኮዶንና አልኮል ተገኘ፤ ዕፁን የሰጠውም የዚያው ክለብ የሕዝብ ግንኙነት ሹም የነበረ ሰው መሆኑ ተመስክሮበት በ2022 የ22 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ በዚያው በ2019 መጨረሻ ሕጉን አሻሽለው፣ ኦፒየም ነክ መድኃኒቶች በምርመራ እንዲገኙ፣ የተያዘ ተጫዋችም ቅጣት ሳይደርስበት ወደ ሕክምና እንዲመራ፣ ቅጣቱም ሕክምናውን እንቢ ባለው ላይ ብቻ እንዲወድቅ ወሰኑ። ይህ ወደ ቀናው መንገድ የተደረገ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን የተፈጸመው ከቀብር በኋላ ነበር።

አሠሪው በእውነት ሊረዳ መቻሉንም መካድ ፍትሕ አይደለም፤ ለዚህ ምስክሩ ጆሽ ሃሚልተን ነው። በ1999 ከሀገሪቱ ወጣቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የተመረጠው ይህ የቤዝቦል ተጫዋች፣ በኮኬይንና በመጠጥ ዓመታት ካባከነ በኋላ በ2007 ሲመለስ፣ የሲንሲናቲ ክለብ፣ ኋላም ቴክሳስ ሬንጀርስ፣ በጉዞ የማይለየውና ገንዘቡን የሚይዝለት አንድ አሠልጣኝ መደቡለት፤ የሽንት ምርመራም አዘውትሮ ይወሰድለት ነበር። በ2010 ሬንጀርስ ድል ባደረገ ጊዜ ጓዶቹ በሻምፓኝ ፈንታ በዝንጅብል ለስላሳ አጠቡት፤ በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ነገር ግን ከኤንጀልስ ጋር የ125 ሚሊዮን ዶላር ውል ከተዋዋለ በኋላ፣ በ2015 እንዳገረሸበት ራሱ ገልጦ ሲቀርብ፣ ገላጋይ ዳኛው ሃሚልተን የሕክምና ግዴታውን አላፈረሰምና አይቀጣም ብሎ ወሰነ፤ የክለቡ ባለቤት ግን ቅሬታውን በአደባባይ ተናገረ፤ ክለቡም ብዙ ሳይቆይ ወደ ቴክሳስ መለሰው። አንዱ ሰው፣ አንዱ ሱስ፣ አንዱም ሊግ ሆኖ ሳለ፣ አያያዙ ተጫዋቹ ለክለቡ ባለው ዋጋ መጠን መለዋወጡን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ስለዚህም ሌላ ምርጫ የፈለጉ ሰዎች ከአሠሪው ቤት ውጭ ፈውስን መሠረቱ። የሂውስተኑ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ጆን ሉካስ በ1986 ከቡድኑ ከተባረረ በኋላ ከሱሱ ተላቅቆ፣ ለሱሰኛ ስፖርተኞች የሚሆን ማገገሚያ ከፈተ፤ በእንግሊዝም የእግር ኳስ ክለብ የአርሰናል አምበል ቶኒ አዳምስ በ1996 መጠጥ ከተወ በኋላ በ2000 ስፖርቲንግ ቻንስ የተባለውን የበጎ አድራጎት ክሊኒክ አቋቋመ፤ ይህንንም ክሊኒክ የተጫዋቾች ማኅበር ይደግፈዋል። በቁማር ሱስ ረገድ ደግሞ፣ የኒውካስሉ ጣልያናዊ እግር ኳስ ተጫዋች ሳንድሮ ቶናሊ በ2023 አሥር ወር ከጨዋታ ሲታገድ፣ በፍርዱ ላይ የስምንት ወር ሕክምናና ለወጣቶች ንግግር የማድረግ ግዴታ ተጨመረበት፤ ክለቡም አልጣለውም። በዚያው ዓመት ግን በርካታ የእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ክለቦች የቁማር ድርጅቶችን ስም በማልያቸው ደረት ላይ ይዘው ይጫወቱ ነበር፤ ይህም ማስታወቂያ በ2026 ከሚጀምረው የውድድር ዘመን አንሥቶ እንዲቀር የሊጉ ክለቦች በ2023 ተስማምተዋል።

ሌላው ነጥብ ከጡረታ በኋላ ያለው ዘመን ነው። በ2011 በታተመ ጥናት፣ ጡረታ ከወጡ 644 የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች መካከል 52 በመቶው በጨዋታ ዘመናቸው ኦፒየም ነክ የሕመም ማስታገሻ እንደ ወሰዱ፣ ከእነዚህም 71 በመቶው ከታዘዘላቸው ውጭ እንደ ተጠቀሙበት ተናግረዋል። ሱሱ በሥራ ላይ ተቀስሞ ከጡረታ በኋላም ሊቀጥል ስለሚችል፣ ውሉ ሲያልቅ የሚያልቅ ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው።

በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የንስሐ አባት ኑዛዜን ሰምቶ ለዳኛ ምስክር እንደማይቆም ሁሉ፣ ሱሱን የገለጠው ተጫዋች የተናገረው ነገር ወደ ውሉ ድርድር እንዳይደርስ መጠበቅ አለበት፤ ይህ ካልተጠበቀ ሱሰኛው እስኪያዝ ድረስ ይሸሸጋልና። ከዚህ ዳሰሳ የሚወጣው ፍርድም ይህ ነው፤ አሠሪው ሕክምናውን ይክፈል፣ የሥራውን በር ክፍት አድርጎ ይቆይ፣ ሱሰኛውም መታከሙን እንዲቀጥል ያስገድድ፤ ነገር ግን ሐኪሙ የክለቡ ሠራተኛ አይሁን፣ ክኒን የሚያዝዙት ሐኪሞች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይታዩ፣ ክትትሉም ከውሉ በኋላ ለዓመታት ይዝለቅ። እነዚህ በተሟሉበት ቦታ የአሠሪው ፕሮግራም ይረዳል፤ ባልተሟሉበት ግን የሚጠብቀው ከሰውየው ይልቅ የተከፈለበትን ዋጋ ነው።