ከመፀነስ በፊት የሚጀመር ክኒን

ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ በማክሰኝትና በዙሪያዋ የሠርግ ዳስ የማይጣልበት ሳምንት የለም። ጫጉላው ሲያልቅ ሙሽሮቹ ጎንደር ሄደው ግንቡን ያያሉ፣ ጎርጎራ ወርደው ጣና ዳር ይውላሉ። ዘመድ ደግሞ ገና በወሩ ሙሽሪትን «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለት ይጀምራል። (ሙሽራውን የሚጠይቅ ብዙም አላየሁም።)

ለመውለድ ካሰባችሁ ከእርግዝና በፊት የሚጀመረው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ነው፤ ብዙ ሴቶች በዚያ ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ቱቦው ከታች በኩል ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ በጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፣ እግሮቹም ላይታዘዙለት ይችላሉ። ከላይ በኩል ከሆነ በሕይወት አይቆይም። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ክኒን ለደም ማነስ ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዘገያል።

መጠኑ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው፤ ቢያንስ ከአንድ ወር ቀድሞ ተጀምሮ እስከ ሦስተኛው የእርግዝና ወር መጨረሻ ይወሰዳል። የአካባቢያችሁ ሽምብራና ጎመን ፎሌት አላቸው፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም። በጾም ወቅት ማታ ከእራት ጋር ይዋጣል። ከመኝታ በፊት አብራችሁ የምታነቡ ከሆነ ክኒኑን ከመጽሐፉ አጠገብ አኑሩት፤ ማስታወሱ የባል ሥራ ይሁን። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከፍ ያለ መጠን ሊያስፈልጋት ስለሚችል አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

የፋሲካው ጥሬ ሥጋ ለዘንድሮ ይቅርባት፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተውሳክ ወደ ጽንሱ ሊያልፍ ይችላል። ጥብሱም በደንብ ይብሰል። ጣና ዳር ስትዝናኑ ውኃው ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለበት።