በድምፅ ኀይል ስለሚደረግ ሕክምና

የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ያህል የሚርገበገበውን ነው። ከዚህ በላይ የሚርገበገበው «አልትራሳውንድ» ይባላል፤ በጆሮ ባይሰማም ኀይል አለው። ከበሮ ሲመታ እጁን በቆዳው ላይ ያኖረ ሰው፥ ድምፅ ወደ አካል ሊገባ እንደሚችል በቀላሉ ይረዳዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1880 ዓ.ም. ወንድማማቾቹ ዣክና ፒዬር ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኑ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጡ ገለጹ፤ በማግሥቱ ዓመትም ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ቅርፃቸው እንደሚለወጥ አረጋገጡ። የፊዚዮቴራፒው መሣሪያ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። በእጀታው ጫፍ ያለው ክሪስታል በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ወይም 3 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። የፊተኛው እስከ 5 ሴንቲሜትር ያህል ጠልቆ ሲገባ፥ የኋለኛው ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ላይ ይቀራል። በእጀታውና በቆዳው መካከል አየር ካለ ድምፁ ስለማያልፍ ቆዳው አስቀድሞ ጄል ይቀባል። ባለሙያውም እጀታውን ሳያቋርጥ ያንቀሳቅሰዋል፤ በአንድ ቦታ ከቆመ ሊያቃጥል ይችላልና። ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ለእርጉዝ ሴት ምርመራ ከሚያገለግለው መሣሪያ ጋር አንድ ዓይነት መስሎ እንዳይታይ፤ ያኛው ሥዕል ያሳያል፥ ይህኛው ያሞቃል።

ሙቀቱ ጅማትንና ጡንቻን አላልቶ ሕመምን ለጊዜው ሊያስታግሥ ይችላል። ይሁን እንጂ የሕክምናው ጥቅም ሲመዘን ከሚወራለት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በታተመ አንድ ግምገማ 35 ጥናቶች ተመርምረው፥ በአሠራራቸው ተቀባይነት ያገኙት 10 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም መሣሪያው ከማስመሰያ ሕክምና እንደሚበልጥ ያመለከቱት 2 ናቸው።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ብዙ የአገራችን ሰዎች ቈስለዋል፥ አካላቸውም ጐድሏል። ድንጋይ ጠርቦ በሚያድር ግንበኛ ትከሻ፥ እንስራና ጀሪካን በተሸከመች እናት ወገብ ላይ የሚደርሰው ሕመምም ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው በሽተኛ «መሣሪያው እስኪገኝ» እያለ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ መጋጠሚያው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርቃል፥ ጡንቻውም ይሟሽሻል። በመሣሪያ እጥረት ከሚደርሰው ጉዳት ይልቅ በመቀመጥ የሚደርሰው ይከፋል። ትከሻው የደረቀ ሰው ጣቶቹን በግድግዳ ላይ ቀስ እያደረገ ወደ ላይ ቢያስኬድ፥ ጉልበቱ የደከመም በርጩማ ላይ ተቀምጦ እግሩን እየዘረጋ ቢያጥፍ፥ ይህ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ነገር ግን አጥንቱ ገና ያልገጠመ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምር።

መሣሪያው የማይፈቀድባቸውም አሉ። ነቀርሳ ወይም የሚያመረቅዝ ቁስል ባለበት፥ ደም በረጋበት ሥር፥ በዓይን ላይ፥ በእርጉዝ ሴት ሆድና ወገብ ላይ፥ የልብ ምት ማስተካከያ በተተከለበት አካባቢ አይደረግም። ሙቀትን በማይለይ የደነዘዘ ቆዳም ላይ አይደረግም፤ በሽተኛው እየተቃጠለ ሊያውቀው አይችልምና። በሥጋው ውስጥ የጥይት ወይም የብረት ስባሪ የቀረበት ሰው ለባለሙያው አስቀድሞ ይንገር።

ስለዚህ በዓይደር ሆስፒታልም ሆነ በሌላ የሕክምና ስፍራ ሐኪም ያዘዘላችሁን የአካል እንቅስቃሴ በየዕለቱ እንድትፈጽሙ፥ ቤተ ሰቦችም በሽተኛውን አዝናችሁ ከማስተኛት ይልቅ ደግፋችሁ እንድታንቀሳቅሱት አደራ እንላለን። መሣሪያው ቢገኝ ረዳት ነው፤ ዋናው ሠራተኛ ግን በሽተኛው ራሱ ነው።