የሠርግ ዲቪዲያችሁ ለምን አልከፍት አለ? ባዶ ዲስክ ስትገዙስ ምን ልታዩ ይገባል?

ጥር ገባ ማለት ፒያሳችን በሙሽራ መኪና ክላክስ የምትናወጥበት ወር ገባ ማለት ነው። ፎቶ ቤቶችም ሥራ ይበዛባቸዋል። በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰን ጥያቄ አለ፦ «ከዓመታት በፊት የተቀረጽነው የሠርግ ዲቪዲ አልከፍት አለን፣ ምን ይሻላል?» የሚል። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ግን በብዙ ቤት ያ ዲስክ በሕይወት የሌሉ እናት ወይም አባት ሲመርቁና ሲጨፍሩ የሚታዩበት ብቸኛው ምስል ነው። ቀራጩ ጋ ዋናው ይኖራል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፤ ካሴቱ ላይ ሌላ ሠርግ ተቀርጾበት ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም ተቀይሮ ይሆናል።

ሰው ግራ የሚገባው ይሄ ነው፦ ከሙዚቃ ቤት የተገዛው የድሮ ኦሪጅናል ሲዲ እስካሁን ይዘፍናል፤ ከሱ በኋላ የተሠራው የሠርግ ዲቪዲ ግን ዝም ብሏል። ታዲያ ነገሩ የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፋብሪካ ባተመው ሲዲ ላይ ዘፈኑ ያለው ፕላስቲኩ ላይ በታተሙ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ነው፤ ከላያቸው አሉሚኒየም ይለበሳል። ባዶ ሆኖ በሚሸጠው ዲስክ ውስጥ ያለው ግን ስስ የቀለም ንጣፍ ነው። ራይት ስናደርግ የሌዘር ጨረሩ ቀለሙን በሙቀት ነጥብ በነጥብ ይለውጠዋል፤ ማጫወቻው የተለወጠውን ካልተለወጠው እየለየ ያነባል። እንግዲህ ሙቀትና ብርሃን የጻፈውን ሙቀትና ብርሃን ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። መስኮት ሥር ፀሐይ ሲመታው ወይም የሚግል ቴሌቪዥን ላይ ተደርቦ የኖረ ዲስክ ቢበላሽ አይገርምም።

ስለዚህ ባዶ ዲስክ ስትገዙ የምትገዙት ቀለም ነው ብላችሁ አስቡ። ለባዶ ሲዲ በብዛት የሚያገለግሉት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ሳያኒን፣ አዞ እና ፍታሎሳያኒን። ሳያኒን ብርሃን ብዙም አይችልም። ፍታሎሳያኒን ብርሃንን በደንብ ይቋቋማል። አዞ በደማቅ ሰማያዊነቱ ይታወቃል፤ ቨርባቲም የተባለው ብራንድ ስሙን የተከለው በሱ ነው። ሲዲን ገልብጦ ቀለሙን ማየት ትንሽ ፍንጭ ይሰጣል። ዲቪዲ ላይ ግን አይሠራም፤ አብዛኛው ወይን ጠጅ ስለሚመስል ከመልኩ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት አይቻልም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ስምም ብዙ አይነግራችሁም። አንድ ብራንድ ዲስኩን ከተለያየ ፋብሪካ እየገዛ ስሙን ያትምበታል። ገበያውም እየጠበበ ነው። በጥራቱ የተመሰገነው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ማምረት አቆመ፤ ቨርባቲምን በ2019 የታይዋኑ ሲኤምሲ ገዛው፤ ሶኒ ደግሞ በ2025 መጀመሪያ ባዶ ብሉ ሬይ ማምረት አቁሟል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ዲስክ መደርደሪያ ላይ ብዙ የቆየ ሊሆን ይችላል፤ ሳይጻፍበትም ቢሆን ቀለሙ ያረጃል። ላስቲኩ ያልተቀደደ፣ አቧራ ያልጠጣ፣ ከፀሐይ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ምረጡ። አንዱን አውጥታችሁ ወደ መብራት ያዙት፤ የብርሃን ቀዳዳ ወይም ጠርዙ ላይ ያልተስተካከለ ቀለም ካያችሁ ተዉት። ሃምሳ ፍሬ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ገዝታችሁ ሞክሩ።

ለምን እንደምትፈልጉትም እወቁ። 700 ሜጋባይት ሲዲ በተለመደው የሙዚቃ አሠራር 80 ደቂቃ ይይዛል፤ አምስት ደቂቃ ገደማ ለሚሄድ ዘፈን አሥራ ስድስት ያህል ማለት ነው። በኤምፒስሪ ከጻፋችሁት ከመቶ በላይ ይገባል፤ ነገር ግን የድሮ የመኪና ቴፕ ኤምፒስሪ ላያነብ ይችላል። (የድምፃውያንን ሥራ ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ መሆኑን እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።) ዲቪዲው 4.7 ጊጋ ተብሎ ኮምፒውተሩ 4.38 ቢላችሁ አልተጭበረበራችሁም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ቤተሰብ በዴክ ለሚያየው ዲቪዲ መቀነስ አር የሚባለው ለአሮጌ ማጫወቻዎች ይሻላል። አርደብሊው የሚለው ተደምስሶ ደግሞ ይጻፍበታል፤ ለጊዜያዊ ሥራ ጥሩ ነው፣ ለሠርግ ግን በፍጹም።

የሠርግ ነገር ካነሳን፣ አንድ ዲቪዲ በጥሩ ጥራት የሚይዘው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ በአንድ ዲስክ ታጭቆ ሲሰጣችሁ የሙሽሪት ፊት የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። በሁለት ዲስክ ይሁን በሉ፤ ለሠርግ ከወጣው ወጪ አንጻር የአንድ ባዶ ዲስክ ዋጋ ኢምንት ነው።

ሲጻፍም ጥንቃቄ አለው። መጨረሻው ፍጥነት ላይ አትልቀቁት፤ ለሲዲ ከ16 እስከ 24፣ ለዲቪዲ 8 አካባቢ ይበቃል። በጣም ማዘግየትም ሁልጊዜ ጥቅም የለውም፣ የዛሬ ዲስኮች ለዚያ አልተሠሩም። የኛ አገር ትልቁ ጠላት ግን መብራት ነው። መሃል ላይ ድንገት ከጠፋ ያ ዲስክ አበቃለት፤ ስለዚህ ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕ ተጠቀሙ። ሲያልቅ «ቬሪፋይ» የሚለውን ምርጫ አትዝለሉት። ፕሮግራሙ የጻፈውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ያመሳክራል። ጊዜ ይወስዳል ብሎ የሚዘለው ብዙ ነው።

በሲዲ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚያብለጨልጨው በኩል ነው፤ ነገር ግን ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ከላይኛው፣ ጽሑፍ ካለበት ፊት ሥር ነው፤ የሚሸፍነውም ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የተጫረ አይመለስም። ዲቪዲ በሁለት ፕላስቲክ መካከል ስለሆነ ይሻላል፣ ሆኖም ወረቀት ተለጥፎበት ሲሽከረከር ሚዛኑን ይስታል።

አሁን አልከፍት ላለው ዲስክ። መጀመሪያ በለብታ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት፣ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አድርጋችሁ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ አታዙሩት። በኮልጌት መወልወል የሚባለው በታች በኩል ላለ ጭረት አንዳንዴ ይረዳል፤ ለደበዘዘ ቀለም ምንም አያደርግም። ከዚያ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ሞክሩት። አንዱ ማጫወቻ እምቢ ያለውን ሌላው ሊያነበው ይችላል። ፎቶ ቤት ስትወስዱትም «አጫውቱልኝ» አትበሉ፤ «መጀመሪያ ኮፒ አድርጉልኝ» በሉ። ደካማ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የሚነበበው ያኔ ሊሆን ይችላል።

የተረፈውን በሃርድ ዲስክ አንድ፣ ሌላ ቤት በሚቀመጥ ፍላሽ ደግሞ አንድ አስቀምጡ። ደህና የሚሠራ ዲቪዲ ያላችሁም ዛሬ ማታ አውጡትና እስከ መጨረሻው መጫወቱን እዩ። ዲቪዲ የሚጻፈው ከመሃል ወደ ዳር ነው፤ ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዳር ይጀምራል፤ መጀመሪያው ጥርት ብሎ እየታየ መጨረሻው ላይ ያለው ምርቃት ቀድሞ ሊጠፋ ይችላል።