ጂንን ወደ ነቀርሳ ዕጢ ስለ ማድረስ

አንድን ጂን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሚያድግ ሕዋስ ላይ መጨመር ዛሬ የተለመደ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። በሕመምተኛ ገላ ውስጥ ወዳለ ዕጢ ማድረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዕጢው ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ፥ በመርፌ የገባው ነገር ከመርፌው ጫፍ እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ መንገዶቹን ስናወዳድር «የትኛው ብዙ ጂን ያስገባል?» ከማለት ይልቅ «ጂኑ ያልደረሳቸው ሕዋሳት ምን ይሆናሉ?» ብሎ መጠየቅ የሚሻል ይመስለኛል።

ሬትሮቫይረስ ጂኑን ከሕዋሱ ክሮሞሶም ጋራ ያዋሕዳል። ቀድሞ የተሠራበት ዓይነት በመከፋፈል ላይ ያለውን ሕዋስ ብቻ ስለሚይዝ፥ የነርቭ ሕዋሳትም ስለማይከፋፈሉ፥ ለአንጎል ዕጢ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። የተላከው ጂን ጋንሲክሎቪር የተባለውን መድኃኒት በሕዋሱ ውስጥ ወደ መርዝነት የሚለውጥ ኤንዛይም ያስገኛል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመው፥ 248 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሙከራ ዕድሜ አላራዘመም፤ መርማሪዎቹም ዋናው ምክንያት ጂኑ ለጥቂት ሕዋሳት ብቻ መድረሱ ሳይሆን አይቀርም አሉ።

አዴኖቫይረስ የማይከፋፈለውንም ሕዋስ ይይዛል፤ ከክሮሞሶም ጋራ ስለማይዋሐድ ግን ሥራው ጊዜያዊ ነው። ከዚህም በቀር የሰውነትን መከላከያ በብርቱ ይቀሰቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 በፊላዴልፊያ የ18 ዓመት ወጣት፥ ነቀርሳ ሳይሆን የጉበት የዘር ሕመም ያለበት፥ ይህንኑ ቫይረስ በደም ሥሩ ከተሰጠው ከአራት ቀን በኋላ ሞተ።

ይኸው ቫይረስ በፊኛ ነቀርሳ ላይ ተሳክቶለታል። ፊኛ እንደ ከረጢት ስለ ሆነ መድኃኒቱ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ግድግዳውን ያጥባል፤ ጂኑም ኢንተርፌሮን ያሠራል። ኢንተርፌሮን ከሕዋሱ ወጥቶ ጎረቤቱን ስለሚነካ፥ እያንዳንዱን ሕዋስ መድረስ ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው መድኃኒት በየሦስት ወሩ አንድ ጊዜ ይሰጣል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ለሜላኖማ የተፈቀደው የሄርፒስ ቫይረስ ደግሞ ችግሩን በሌላ መንገድ ይሸሻል፤ ይኸውም በዕጢው ውስጥ ራሱ ይራባል፥ ሕዋሱን አፍርሶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተሸከመውም ጂን የመከላከያ ሕዋሳትን ይጠራል።

ቫይረስ የማይሹት መንገዶች፥ ማለት የስብ ጠብታና የኤሌክትሪክ ምት፥ ትልቅ ጂን መሸከም ይችላሉ፤ ፀረ ቫይረስ መከላከያም አያግዳቸውም። ነገር ግን በስብ ከገባው ዲ.ኤን.ኤ. አብዛኛው ኒውክሊየስ ሳይደርስ ይጠፋል፤ ለኤሌክትሪኩም ሽቦው ዕጢው ድረስ መግባት አለበት፥ ይህም ለቆዳ ቀላል፥ ለጣፊያ ሥር ዕጢ ግን አስቸጋሪ ነው።