ደውሎ የመጥራት ውሳኔ፤ ወረርሽኝ፣ አምቡላንስና የሐረር ጁገል

ስለ ወረርሽኝ ዝግጅት በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ የአልጋ፣ የኦክስጅንና የባለሙያ ቁጥር በዝርዝር ይሰፍራል፤ ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ስልክ አንሥቶ አምቡላንስ ይጠራል ወይስ አይጠራም የሚለው ጥያቄ ግን መልሱ የታወቀ ያህል በዝምታ ይታለፋል። የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና፣ ማለትም ታማሚው ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ የሚደረግለት እርዳታ ሁሉ፣ የሚጀምረው ከዚህ የቤት ውስጥ ውሳኔ ስለሆነ፣ ጠሪ ከሌለ መኪናው ነዳጅ ሞልቶ፣ ባለሙያውም ሠልጥኖ መቀመጡ ለማንም አይፈይድም። ሰዎች በወረርሽኝ ጊዜ ከመደወል ሲቆጠቡ ምክንያቱን ለድንቁርና ወይም ለቸልተኝነት መስጠት የተለመደ ቢሆንም፣ ነገሩ በቅርብ ሲታይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ መኪናው ከመጣ በኋላ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ያሰላ ቤተሰብ ነው።

ይህን ስሌት ለመመርመር ሐረር ከብዙ ከተሞች የተሻለ ማሳያ ትሆናለች። ጁገል ተብሎ የሚጠራው በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ 48 ሄክታር ገደማ በሆነ መሬት ላይ 82 መስጊዶችን፣ ከመቶ በላይ የወልዮች መካነ መቃብርና የዝየራ ስፍራዎችን፣ እንዲሁም ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ የድንጋይ ቤቶችን የያዘ ሲሆን፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት አምስት ጥንታዊ በሮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ በምሥራቅ በኩል ያለው ኤረር በር ከኤረር ሸለቆና ከአካባቢው ገጠር የሚመጣው ሰው የሚገባበት ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. ለባዕዳን ዝግ ወደነበረችው ከተማ የዘለቀው በዚህ በር እንደሆነ ይነገራል። መኪና የሚያስገባው ሐረር በር የተከፈተው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በበሮቹ መካከል የተዘረጉት መተላለፊያዎች ለሰውና ለጭነት አህያ የተሠሩ በመሆናቸው፣ ከጥቂት ዋና መንገዶች በስተቀር አምቡላንስ አያሳልፉም፤ ስለዚህ በጠባቡ መንገድ ውስጥ ያለ ታማሚ መኪናው እስከቆመበት ድረስ በክንድ፣ በወንበር ወይም በቃሬዛ፣ ማለትም ሕመምተኛ በሚጋደምበት የእንጨት ወይም የሸራ መሸከሚያ፣ መድረስ ይኖርበታል። በደኅናው ጊዜ ይህ ርቀት ትልቅ እንቅፋት አይደለም፤ ጎረቤት ሮጦ ይወጣል፣ ከፊት መንገድ የሚያስለቅቅ፣ ከኋላ የሚያነሣ አይጠፋም። ወረርሽኝ ሲገባ ግን ያው ርቀት መልኩን ይለውጣል፤ ከራስ እስከ እግሩ በነጭ መከላከያ የተሸፈነ ባለሙያ ታማሚውን ይዞ በእያንዳንዱ ደጃፍ ፊት ሲያልፍ፣ ሰፈሩ ሁሉ የማን ቤት እንደተነካ ያውቃል። በሰፊ ጎዳና ላይ በሚኖር ቤተሰብ ዘንድ አምቡላንሱ ደጅ ቆሞ ፈጥኖ ሊሄድ ይችላል፤ በጁገል ግን ምሥጢር የሚባል ነገር የለም።

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ ይህን ሁሉ ወደ አደባባይ አወጣው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ በሰየመ በሁለተኛው ቀን፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያው ሞት ተመዘገበ፤ መጋቢት 30 ቀንም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሕዝቡ የበሽታውን ምልክት ሲያይ በ8335 ወይም በ952 እንዲደውል ተነገረው፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር የሆነው 907 ደግሞ እንደ ቀድሞው ለድንገተኛ አደጋ ቀጠለ። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ አንዱ ለጥርጣሬ፣ ሌላው ለአደጋ። በሰው አእምሮ ግን ሁለቱ ተቀላቀሉ፤ ሳይረን እያሰማ የሚመጣ ማንኛውም መኪና በሽተኛ ሊወስድ የመጣ ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡን ሊበትን የመጣ መስሎ ታየ።

ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሽታው የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ምልክት የማያሳየውም ጭምር፣ ወደ ለይቶ ሕክምና ማዕከል ይወሰድ ነበር፤ ከእርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው፣ ማለትም አብረው የኖሩ፣ የበሉ ወይም ያስታመሙ ሰዎችም፣ ለ14 ቀናት ወደ ለይቶ ማቆያ እንዲገቡ ይደረግ ነበር። በዚህ አሠራር አንድ ስልክ መደወል ማለት አባትን አሳልፎ መስጠት፣ እናትን ማስወሰድ፣ ሱቅ መዝጋትና ልጆችን ለዘመድ መተው ሊሆን ይችላል። በቤት ውስጥ ተለይቶ መታከም የተፈቀደው ከወራት በኋላ፣ በክረምቱ ማብቂያ ገደማ ነው፤ ያ ውሳኔ የተወሰደው የማዕከላቱ አልጋ ስላልበቃ ቢሆንም፣ ከየትኛውም የማስታወቂያ ዘመቻ ይልቅ የመደወልን ዋጋ የቀነሰ እርምጃ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በላይ የሚከብደው የአስታማሚ ነገር ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች አስታማሚ፣ ማለትም ከታማሚው ጋር ሆኖ የሚያበላው፣ የሚያጥበው፣ መድኃኒት የሚገዛለትና ሐኪሙን የሚጠይቅለት ዘመድ፣ የሕክምናው አካል ነው፤ የሥራ ዝርዝሩ ባይጻፍም ያለ እርሱ ብዙ ክፍሎች በአግባቡ አይሠሩም። ወረርሽኙ አስታማሚውን ከበር መለሰው። ታማሚው ብቻውን ሄደ፣ ወሬው በስልክ ብቻ መጣ፣ ከሞተም ቀብሩ በጥቂት ሰዎችና በባለሙያ ቁጥጥር ተፈጸመ። ገላን አጥቦ፣ ከፍኖ፣ ሶላተል ጀናዛ ሰግዶ በፍጥነት መቅበር ግዴታ ለሆነበት የሙስሊም ማኅበረሰብ፣ ሬሳን ከመቀበል መዘግየት ወይም በወጉ ሳያጥቡ መቅበር ከሞቱ ባልተናነሰ የሚያስጨንቅ ነገር ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ መሞትን መምረጥ ከእምነት አንጻር ሲታይ እብደት አይደለም።

የዚህ ምርጫ ውጤት በጤና ሚኒስቴር ዕለታዊ መግለጫዎች ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የግንቦትና የሰኔ መግለጫዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚነበበው «በአስከሬን ምርመራ» የሚለው ሐረግ፣ ከሟቾቹ መካከል አንዳንዶቹ ቫይረሱ እንደነበረባቸው የታወቀው ከሞቱ በኋላ መሆኑን ያመለክታል። ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ አምቡላንስ ጠርተው ያልደረሰላቸው፣ ስንቶቹስ ጭራሽ ያልጠሩ እንደሆኑ መግለጫው አይለይም፤ ይሁን እንጂ አንድ የጤና ሥርዓት ሕመምተኛውን በሕይወት ሳይሆን በአስከሬንነቱ ማግኘት ሲጀምር፣ በቤቱና በሆስፒታሉ መካከል ያለው ድልድይ መሰንጠቁ አያጠራጥርም።

ችግሩ የድሃ አገር ብቻ እንዳልሆነ የሌላው ዓለም መረጃ ያስረዳል። በጣሊያን ሎምባርዲያ በሎዲ፣ ክሬሞና፣ ፓቪያና ማንቶቫ አውራጃዎች ወረርሽኙ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ 40 ቀናት ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው በድንገት የቆመ ሰዎች ቁጥር ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት 229 ወደ 362 ከፍ ብሏል፤ በኒውዮርክ ከተማ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ ገደማ የአምቡላንስ ሠራተኞች ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው የቆመ 3,989 ሰዎችን ለማዳን ሞክረዋል፤ በቀዳሚው ዓመት ይኸው ቁጥር 1,336 ነበር። ከጭማሪው ብዙውን ራሱ ቫይረሱ እንዳመጣው ባይካድም፣ ደረቱን እየወጋው ሆስፒታል ብሄድ በሽታ ይይዘኛል ብሎ የዘገየ ሰውም በቁጥሩ ውስጥ አለ። በሴራሊዮን በ2014 እ.ኤ.አ. የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ በ117 የሚጠራው አምቡላንስ ከዚህም የከፋ ስም አግኝቶ ነበር፤ መኪናው ውስጥ የሚረጨው ክሎሪን ይገድላል፣ የገባ አይመለስም የሚል ወሬ ስለተስፋፋ ብዙዎች ታማሚያቸውን ደበቁ። ወሬው ሐሰት ቢሆንም የተወለደው ከእውነት ነው፤ ብዙ የተወሰዱ ሰዎች በርግጥ አልተመለሱም፣ የት እንደተቀበሩ ያልተነገራቸው ቤተሰቦችም ነበሩ።

ሐረር ለዚህ ዓይነቱ ጥርጣሬ የራሷ ታሪክ አላት። ዘመናዊ ሕክምና ወደ ከተማዋ የመጣው በአንድ በኩል ከጦርነት ጋር ነው፤ ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ወደ መሀል አገር ያለፈው በሐረር በኩል ሲሆን፣ ከአርባ ዓመት በኋላ የፋሺስት አውሮፕላኖች በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ምልክት ያለባቸው ሕክምና ቦታዎች አልተረፉም። በሌላ በኩል ደግሞ ሕክምና ከመለየት ጋር ተቆራኝቷል፤ የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በሐረር ያቋቋሙት የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ፣ ኋላም በጀርመኖች እርዳታ በቢሲዲሞ የተመሠረተው ሆስፒታል ለብዙዎች ፈውስ ቢሆኑም፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ሕዝብ ዘንድ «መወሰድ» ማለት ከሰው መነጠል ነው የሚለውን ስሜት አብረው አቆይተዋል።

የሚያጽናናው ነገር፣ ፈቃደኝነት የሚገነባ ነገር መሆኑ በዚሁ አገር መታየቱ ነው። መንግሥት ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ አምቡላንሶችን ለወረዳዎች ሲያድል፣ ቅድሚያ የተሰጣቸው ምጥ የያዛቸው እናቶች ነበሩ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ድርሻ በ2011 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 10 በመቶ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ደግሞ ወደ 48 በመቶ ደርሷል። ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞራቸው ትልቁን ድርሻ ቢይዝም፣ አምቡላንሱ የተጠራው ወዴት እንደሚሄድ ስለታወቀ፣ ዘመድም አብሮ ስለሚሳፈርና እናቲቱ ልጇን ታቅፋ ስትመለስ መንደሩ ስላየ ጭምር ነው። ወረርሽኙ ያፈረሰው እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው።

በሐረር እነርሱን መልሶ ለመገንባት ከአፎቻ የተሻለ መነሻ የለም። አፎቻ በሐረሪዎች ዘንድ ወንዶችና ሴቶች በየፊናቸው የሚያቋቁሙት፣ በሠርግና በሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ በሌሎች የከተማዋ ነዋሪዎች ዘንድ ከሚታወቀው እድር ጋር ይመሳሰላል። ማን እንደታመመ የጤና ቢሮ ሳይሰማ አፎቻው ይሰማል፤ ሰው ሲሞት ቃሬዛ የሚያነሡትም አባላቱ ናቸው። እነዚህን ሰዎች ወረርሽኝ ሲገባ ከታማሚው ማራቅ ለጊዜው ከበሽታ ቢጠብቃቸውም፣ ቤተሰቡ የሚያምነውን ብቸኛ አማላጅ ማስወጣት ነው። ይልቁንም የመከላከያ ልብስ አለባበስ የሠለጠኑ፣ ከየአፎቻውና ከየእድሩ የተመረጡ ጥቂት ወንዶችና ሴቶች ታማሚውን ከቤቱ እስከ መኪናው ቢያደርሱት፣ ከመካከላቸውም አንዱ በአስታማሚነት አብሮ ቢሄድ፣ ካልሆነም በየዕለቱ ወሬ አምጪ ቢሆን፣ በጁገል መተላለፊያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ልብስ የእንግዳ ሳይሆን የሰፈር ሰው ይሆናል።

የሐረሪ ክልል ጤና ቢሮ፣ የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ፣ የሃይማኖት አባቶችና የአፎቻ መሪዎች ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ተቀምጠው፣ ከኤረር በር ጀምሮ በየበሩ ቃሬዛ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ የተሸካሚዎቹን ተራ፣ የአስታማሚውን መብትና የአስከሬን አመላለሱን ሥርዓት በጽሑፍ ይስማሙ፤ ስምምነቱም በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ በየመስጊዱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየገበያው ይነበብ።