ስለ ሥውር ሸማች የድካም ዋጋ

ማናቸውም ሥራ ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው ለዐይን የሚታየው ፍሬ ሲሆን ሁለተኛው ፍሬውን ያመጣው ድካም ነው። ገዢ ዘወትር የሚያየው ፍሬውን ስለ ሆነ ዋጋውን በዚያው ይመትራል፤ ድካሙን ግን ሠሪው ካልነገረው በቀር ሊያውቀው አይችልም። እንግዲህ ሠራተኛ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ድካሙን ቆጥሮ ዋጋውን ቢናገር፣ ይህ ሥርዓት እንጂ ስስት አለመሆኑን መረዳት የተገባ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት የሞረትና ጅሩ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን እነዋሪን መመልከት ይበቃል። የጅሩ ሜዳ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ገበሬው ከነቤተ ሰቡ አፈሩን በእጁ እያፈሰ መደብና ቦይ ሲያበጅ ኖሯል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል ሊቃውንት ይህን ልማድ ተመልክተው፣ ያንኑ ሥራ በበሬ የሚያቀልል መሣሪያ ከማረሻ አበጅተዋል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ስንዴውን የሚሸምት ሰው እህሉን እንጂ አፈር ያፈሰውን እጅ አያይም። የጅሩን ሰንጋ የሚገዛም ሻኛውን ዳብሶ ይከራከራል እንጂ ባለቤቱ ስንት ወር ጎተራውን እንዳጎደለ አይጠይቅም። ባለ ሰንጋው ግን የመኖውንና የድካሙን ሒሳብ በልቡ ይዞ ስለሚቆም፣ ከዚያ በታች ቢሉት በሬውን ወደ ቤቱ ይመልሳል።

በዘመናችን ደግሞ ድካሙ ከዚህ ይልቅ የተሠወረ አንድ ሥራ አለ። ይኸውም እንደ ማንኛውም ገዢ ሆኖ ወደ ሱቅ፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ሆቴል ገብቶ፣ አገልግሎቱን አስተውሎ ለቀጣሪው የሚጽፍ ሰው ሥራ ነው። በ1940ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአሜሪካ የሱቅ ሠራተኞችን ታማኝነት ለመፈተን ሲሠራበት የነበረው ይህ ዘዴ ዛሬ በብዙ አገር ተስፋፍቷል። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዝዟል፤ ትእዛዙ መፈጸም አለመፈጸሙን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው በገዢነት የገባ ሰው ነው።

አሁን አንድ ሥውር ሸማች ከአዲስ አበባ ወደ እነዋሪ ተላከ እንበል። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከዚያም በደነባ በኩል ያልፋል። ገዝቶ፣ ሚዛኑን አይቶ፣ ደረሰኝ ጠይቆ፣ የሻጩን አነጋገር በልቡ ይዞ ይወጣል፤ ተመልሶም ያየውን በዝርዝር ይጽፋል። ቀጣሪው የሚቈጥረው በሱቅ ውስጥ የቆየበትን ግማሽ ሰዓት ነው። ለምሳሌ 1,500 ብር ቢከፍለው፣ ለመኪና፣ ለምግብና ለማደሪያ 900፣ ለገዛው ዕቃም 200 ቢወጣ፣ የቀረው 400 ብር ነው። መንገዱና ጽሕፈቱ 16 ሰዓት ከፈጁ ለአንድ ሰዓት የደረሰው 25 ብር ብቻ ይሆናል። አንድ ሺሕ አምስት መቶ ሲባል ብዙ የመሰለው ገንዘብ በሒሳብ ጊዜ እንዲህ ይቀልላል።

ሕጉም ቢታይ ይህን ሰው ጥንቃቄ ያሻዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ወስኗል፤ ነገር ግን በራሱ ኀላፊነት ዋጋ ተቀብሎ የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ውጭ አድርጎታል። ስለዚህ የእርሱ መጠጊያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህም ሕግ በቁጥር 1731 በሚገባ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንዲጸና ይደነግጋል። እንግዲያስ በውሉ ያልተጻፈውን በኋላ መለመን ይሆናል እንጂ መጠየቅ አይሆንም።

ስለሆነም ከመንገድ በፊት በጽሑፍ ሊወሰኑ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ የመንገድና የማደሪያ ወጪ ከድካም ዋጋ ተለይቶ መቈጠሩ፣ የተገዛው ዕቃ ገንዘብ መመለሱ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ጽሑፉ ሊነቀፍ የሚችልበት ምክንያት፣ ሱቁ ተዘግቶ ቢገኝም ለከንቱ ጉዞው የሚከፈለው። ከሥራው በፊት ከሠራተኛው ገንዘብ የሚጠይቅ ቢመጣ ግን አጭበርባሪ እንዳይሆን መጠርጠር ይገባል።

ለቀጣሪዎችም የሚነገር አለ። ዋጋውን በተገኘው ጥፋት ብዛት የሚከፍል ሰው ሐሰተኛ ምስክር ይገዛል፤ ጥፋት ያላገኘ ሠራተኛ ራቱን ለማግኘት ጥፋት ይፈጥራልና። ከድካሙ በታች የሚከፍልም እንደዚሁ ነው፤ የመንገድ ገንዘብ ያጣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ያላየውን ይጽፋል። በዚህ የሚጎዳው ቀጣሪው ብቻ አይደለም። በሐሰት ጽሑፍ እንጀራውን የሚያጣ ንጹሕ ሻጭ አለ፤ ሚዛን አጉድሎ በሐሰት የሚመሰገንም አለ፤ በዚያ ሚዛን እህል የምትሸምት ድኻ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጎዳለች።

በቅዱስ መጽሐፍ የወይኑ ባለቤት በማለዳ የወጡትን ሠራተኞች ወደ ወይኑ የሰደዳቸው በዋጋቸው ከተስማማ በኋላ ነው። ላባ ግን የያዕቆብን ደመወዝ ደጋግሞ በመለዋወጡ በቤተ ዘመድ መካከል ጠብ ገባ። የሌላውን ሚዛን እንዲመረምር የሚላክ ሰው አስቀድሞ የራሱ ድካም በትክክል ሊመዘንለት ይገባል። ሠራተኛው ሒሳቡን ሳያፍር ይናገር፤ ቀጣሪውም ሳይቈጣ ይስማ፤ የተስማሙበትንም ሁለቱ በጽሑፍ ያጽኑት።