ልጄን ስካውት ላስገባው?



ልጅ ከትምህርት ቤት አንዲት ወረቀት ይዞ ይመጣል። «ስካውት ልገባ ነው፤ አባዬ ይፈርምልኝ» ይላል። አባት ወረቀቷን ያገላብጣል። እናት «ታዲያ ውጭ ማደር አለበት?» ስትል ትጠይቃለች። አያት ደግሞ ከወዲያ ሆነው «ይሄ የፈረንጅ ወታደር ነገር አይደለም እንዴ?» ይላሉ። እንዲህ ያለው ጭውውት ሀገር ቤትም፣ ለንደንና ዋሽንግተን በሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ዘንድም የሚሰማ ነው።

ወረቀቷ ሁለት መልስ ብቻ የምትጠብቅ ትመስላለች፤ መፈረም ወይም አለመፈረም። ከሁለቱ የሚቀድም አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም መጠየቅ ነው። ልጅ አማና ነው። አማናን ተቀባዩን ሳያውቁ አሳልፎ መስጠትም፣ ነገሩን ሳያጣሩ መከልከልም የወላጅ ወግ አይደለም። ስለዚህ ወላጆች፣ አዲስ ገቢ ልጆችና በፈቃደኝነት የሚመሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች በየተራ እንመልከት።

«ስካውት የወታደር ሥልጠና ነው?»

ስካውት የሚለው ቃል ቀድሞ ሄዶ መንገድ የሚያጣራ፣ ቃኚ ማለት ነው። መሥራቹ ሮበርት ቤደን ፓወል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆችን ብራውንሲ በምትባል የእንግሊዝ ደሴት ሰብስቦ የሙከራ ካምፕ አቋቋመ። ከልጆቹ ከፊሎቹ የሀብታም፣ ከፊሎቹ የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። በማግስቱ ዓመት በ1908 ለልጆች የጻፈው መጽሐፍ ታተመና እንቅስቃሴው ከሀገር ሀገር ተዛመተ። ሰውየው በስተመጨረሻ ኑሮውን ኬንያ አድርጎ በ1941 እዚያው ሞተ፤ መቃብሩም ኔሪ ከተማ ይገኛል።

እንግዲህ አያት «የወታደር ነገር» ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰልፉና ዩኒፎርሙ ከዚያ የመጣ መልክ ነው። ይሁንና ስካውት ልጆችን ለጦርነት አያሰለጥንም። ዩኒፎርሙም ቢሆን የሀብታሙና የድሀው ልጅ ጎን ለጎን ሲቆሙ በልብስ እንዳይለዩ ይረዳል።

ለሀገራችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለም የስካውት ድርጅት አባል ነበረች። በደርግ ዘመን ነገሩ ተቋረጠ፤ በ2002 እንደገና አባል ሆነች። ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች «ቦይ ስካውት» ብለው የሚያወጉን ስለዚያ ስለ ቀድሞው ዘመን ነው።

«ልጄን ከዲኑ ያርቅብኛል?»

ይህ ከሁሉ በፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ስካውት የሚሆን ልጅ ቃል ይገባል። የቃሉ አነጋገር ከሀገር ሀገር ቢለያይም መሠረቱ ሦስት ግዴታዎች ናቸው፤ ለፈጣሪ፣ ለሰውና ለራስ። በእንግሊዝ ሀገር ሙስሊም ልጅ ቃሉን ሲገባ «አላህ» ብሎ እንዲል ይፈቀድለታል። ልጅዎ የሚገባውን ቃል አስቀድመው ያስነብቡት፤ ትርጉሙንም አብራችሁ ተወያዩበት። ሳያውቀው ቃል የገባ ልጅ ቃሉን ሊጠብቅ አይችልም።

ሙስሊሞች በስካውት ውስጥ ዛሬ የገቡ እንዳይመስለን። እንቅስቃሴው በዑስማንያ አገዛዝ ሥር በነበረችው ቤይሩት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። በአልጀርያ የሙስሊም ስካውቶች ማኅበርን የመሠረተው ሙሐመድ ቡራስ በ1941 በፈረንሣይ ቅኝ ገዥዎች ተረሽኗል። ብዙ አባላት በማፍራት ከዓለም አንደኛ የሆነው የስካውት ማኅበርም የሙስሊሞች ሀገር በሆነችው በኢንዶኔዥያ ያለው ነው። ስለዚህ «ስካውት የማን ነው?» ከማለት ይልቅ «እኛ ሰፈር ያለው ቡድን እንዴት ነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቁ ይበልጥ ይጠቅማል።

ለቡድኑ መሪ በግልጽ የሚቀርቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ልጆቹ ጊዜና ቦታ ያገኛሉ? ውዱእ የሚያደርጉበት ውኃ አለ? ካምፑ ረመዷን ላይ ይውላል? የጁምዓ ቀንስ? ሥጋው ከየት ይመጣል? በውጭ ሀገር የምትኖሩ ደግሞ ማርሽማሎ ስለሚባለው፣ ልጆች እሳት ዳር እየጠበሱ ስለሚበሉት ጣፋጭ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ጄላቲን ይገባበታልና። ሐላሉም ስለሚገኝ ከቤት መላክ ይቻላል። ስለ መንገደኛ ሶላት ማሳጠርና ማጣመር ልጁ ከመሄዱ በፊት ከኡስታዙ ይማር።

ዲኑንና ስካውቱን የሚያገናኝ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ስካውት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ኮምፓስ ማንበብ ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላ ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ነው። ከለንደን ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይሆናል። ይህን ከካርታና ከኮምፓስ አመሳክሮ የሚያገኝ ልጅ በማያውቀው ሜዳ ላይ ጓደኞቹን አሰልፎ መስገድ ይችላል።

«እኔስ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ?»

ይህ የልጆቹ ጥያቄ ነው። አዲስ ስካውት ሆይ፣ በመጀመሪያ የምትገባው ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ባሉበት አነስተኛ ቡድን ውስጥ ነው። የቡድኑ አለቃ ራሱ ልጅ ነው። ውኃ ማን ይቅዳ፣ እንጨት ማን ይልቀም፣ ድስቱን ማን ይጠብ የሚለውን የምትከፋፈሉት እናንተ ናችሁ። ሁለት ገመድ የሚያያይዝ ቋጠሮና ሲሳብ የማይጠብቅ ቋጠሮ ትማራለህ፤ ሁለተኛው ሰው ከጉድጓድ ለማውጣት ይጠቅማል። እሳት ማንደድን ትማራለህ፤ ከዚያም በላይ በሚገባ ማጥፋትን። የመጀመሪያ ርዳታም አለ። ለምሳሌ ሰው ሲቃጠል የቆሰለውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ሃያ ደቂቃ ማቆየት ነው እንጂ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም ቡና መለደፍ እንዳልሆነ ታውቃለህ። ይህን ያወቀ ልጅ በቤቱ ኩሽና ውስጥ ሰው ሊያድን ይችላል።

«ሌሊት ብፈራስ? ቤቴ ቢናፍቀኝስ?» ትል ይሆናል። ብዙ ልጅ በመጀመሪያው ሌሊት ይናፍቀዋል፤ ነውር የለውም። ለመሪህ ንገረው። ሌሊት አልጋ የሚያርስ፣ አስም ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ደግሞ እናት ወይም አባት አስቀድመው ለመሪው በጽሑፍ ያሳውቁ። መደበቅ ልጁን ሌሊት ብቻውን እንዲጨነቅ ማድረግ ነው።

«ልጄ ሴት ናት፤ ምን ላድርግ?»

የሴቶች ልጆች እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ1910 ለብቻው ተቋቁሟል፤ በብዙ ሀገሮችም እስከ ዛሬ ለብቻው ይሠራል። በእንግሊዝ ከ1991 ጀምሮ፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ወንዶች ብቻ ይገቡባቸው የነበሩት የስካውት ቡድኖች ሴቶችን መቀበል ጀምረዋል። ስለዚህ ቡድኑ የሴቶች ብቻ ነው ወይስ የተቀላቀለ ብለው ይጠይቁ። የመኝታው፣ የመታጠቢያውና የሂጃቡ ጉዳይ በቃል ብቻ ሳይሆን በዓይን ታይቶ ይረጋገጥ። ሴት መሪ አብራ የማታድርበት ካምፕ ከሆነ አለመላክ መብትዎ ነው። ነገር ግን «ሴት ናት» ብሎ ነገሩን በአንድ ቃል ከመዝጋት በፊት የሴቶች ቡድን መፈለግ ይገባል። ቁስል ማሰርና መንገድ ማወቅ ለወንድም ለሴትም ያው ነው።

«ልጄ ከጥቃት የተጠበቀ ነው?»

ወላጆች ይህን ጥያቄ ሲያፍሩበት ይታያል። «እንዲህ ብለን ብንጠይቅ ሰውየውን መጠርጠር ይሆንብናል» ይላሉ። ማፈር ግን እዚህ ላይ ቦታ የለውም። የአሜሪካ የወንዶች ስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኪሣራ አስመዝግቦ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ከ82,000 በላይ ሰዎች በልጅነታችን በመሪዎቻችን ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። ብዙዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ዝም ብለው የኖሩ ነበሩ። ዝም ያሰኛቸው አንዱ ነገር የመሪዎቹ መከበር ነው፤ የተከበረውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ከዚህ የተማሩ የስካውት ማኅበራት ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል። ወላጅም ደንቡን ማወቅ አለበት። አንድ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር ከሌሎች ዓይን ተለይቶ ብቻውን አይሆንም። መሪዎች ከልጆች ጋር በአንድ ድንኳን አያድሩም። መሪው ለሥራው ከመመደቡ በፊት ማንነቱ ይጣራል። ወላጅ በፈለገው ሰዓት መጥቶ ማየት ይችላል። «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚባል ምስጢር ፈጽሞ የለም። መሪው እነዚህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝተዋል ማለት ነው። ጥሩ መሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለዋል፤ እሱንም ከሐሜት ይጠብቀዋልና።

ለልጁም አስቀድመው ይንገሩት። ሰውነቱ የራሱ መሆኑን፣ ያላማረውን ነገር ማንም ያድርገው ማን እምቢ ማለት እንደሚችል፣ ቤት መጥቶ ቢናገር እንደሚታመን ይወቅ። ይህ ምክር ለስካውት ብቻ አይደለም። ለትምህርት ቤትም፣ ለቁርአን ቤትም፣ ለዘመድ ቤትም ያው ነው።

«ገመድ ማሰር አላውቅም፤ መሪ መሆን እችላለሁ?»

ጊዜያቸውን ሰውተው ልጆችን የሚመሩ ወንድሞችና እህቶች ይህን ይጠይቃሉ። ገመዱ ይለመዳል። የመሪዎች ሥልጠና እ.ኤ.አ. ከ1919 ጀምሮ ለንደን አጠገብ በጊልዌል ፓርክ ሲሰጥ ቆይቶ ዛሬ በብዙ ሀገሮች ይሰጣል። ከገመዱ ይልቅ የሚከብደው እጅን መሰብሰብ ነው። ልጆቹ ሩዙን ሲያሳርሩ ማንኪያውን ነጥቆ ማማሰል ይቀላል። ያን ጊዜ ግን ምግብ አብሳዩ መሪው ሆነ፤ ልጆቹም እንግዶች ሆኑ። ያረረ ሩዝ የበላ ቡድን በማግስቱ እሳቱን ይቀንሳል።

እጅ መሰብሰብ ማለት ግን ዓይን መጨፈን አይደለም። ውኃ ዳር፣ ገደል አፋፍና እሳት አጠገብ ውሳኔው የመሪው ነው። ከመነሳት በፊትና ከመንገድ በኋላ ልጆቹን ይቁጠሩ። የየወላጁን ስልክ፣ የየልጁን በሽታና መድኃኒት በአንድ ወረቀት ይያዙ። የሚረብሽ ልጅ ሲኖር በጓደኞቹ ፊት አያዋርዱት፤ ሥራ ይስጡት። እኔ በክፍል ውስጥ ያየሁት ይህን ነው። አርፎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ የጠመኔውንና የደብተሩን ኃላፊነት ሲረከብ ብዙ ጊዜ ሌላ ልጅ ይሆናል።

ከቀድሞው ልማዳችን

ልጅን ከቤት አርቆ ለትምህርት መላክ ለኛ አዲስ አይደለም። በወሎም በሌላውም አካባቢ አባቶቻችን ኪታብ ፍለጋ ከሸኽ ሸኽ ሲዞሩ የኖሩ ደረሶች ነበሩ። እንጨቱን ራሳቸው ይለቅማሉ፣ ውኃውን ራሳቸው ይቀዳሉ፣ የታመመውን ጓደኛቸውን ራሳቸው ያስታምማሉ። ትልቁ ደረሳ ትንሹን ያስቀራል። ወላጅ ልጁን ሲልክ ግን ሸኹ ማን እንደሆኑ፣ እነማንን እንዳስተማሩ ጠይቆ፣ አጣርቶ ነበር። ዛሬም የሚፈለግብን ይኸው ነው። መንደሩ ስለሰፋ ሰውን የምናውቅበት መንገድ ተለወጠ እንጂ የማወቅ ግዴታው አልተነሳልንም።

ጠይቀው፣ አይተው፣ ልብዎ ከረጋ ወረቀቷን ይፈርሙ። ካልረጋ ምክንያቱን ለልጅዎ ዘርዝረው ያስረዱት። ከፈረሙ ደግሞ ልጁ ከካምፕ ሲመለስ አንድ ነገር አደራ። ሻንጣውን እናቱ አታራግፍለት፤ የቆሸሸውንም ልብስ እህቱ አትጠብለት። ሦስት ቀን ድስት ሲያጥብ የከረመ ልጅ ነውና የራሱን ሳህን ያንሣ። ማታ ደግሞ እሳት አቀጣጥሎ ለቤተሰቡ ሻይ ያፍላ። ያን ጊዜ ስካውት የሄደው ለምን እንደሆነ አያትም ሳይቀሩ ይረዱታል፤ ኢንሻአላህ።